ከደብሊን እስከ ቤርሙዳ፦ የአየርላንድ የትርፍ ግብር ታሪክ

አየርላንድ የኩባንያ ግብርን ባለሀብት መሳቢያ ማድረግ የጀመረችው በድህነቷ ዘመን ነው። በ1950ዎቹ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ያጣው ወጣት በብዛት ወደ እንግሊዝ ሲሰደድ፣ መንግሥት በ1956 ከውጭ ንግድ በሚገኝ ትርፍ ላይ የግብር ቅናሽ ፈቀደ፤ በ1958 ደግሞ ቅናሹን ወደ ሙሉ ነፃነት አሳደገው። አገሪቱ በ1973 የአውሮፓን ማኅበረሰብ ስትቀላቀል ላኪውን ብቻ መጥቀም አላስኬደም። በ1981 ለፋብሪካዎች 10 በመቶ፣ በ2003 ለንግድ ትርፍ በጠቅላላ 12.5 በመቶ ምጣኔ ሥራ ላይ ዋለ።

ትልልቆቹን ኩባንያዎች ይበልጥ የጠቀማቸው ግን በሁለት አገሮች ሕግ መካከል የነበረው ክፍተት ነው። አሜሪካ የኩባንያን አገር የምትለየው በተመዘገበበት ቦታ ነው፤ አየርላንድ ግን ለረጅም ጊዜ የምታየው ከየት እንደሚመራ ነበር። ስለዚህ ደብሊን ተመዝግቦ ከቤርሙዳ የሚመራ ኩባንያ በአሜሪካ ዓይን የአየርላንድ፣ በአየርላንድ ዓይን የቤርሙዳ ነበር፤ ቤርሙዳ ደግሞ የትርፍ ግብር አትጠይቅም ነበር። ይህ ኩባንያ የሶፍትዌሩን ወይም የፈጠራውን መብት ይይዛል፤ አየርላንድ ያለው እህት ኩባንያ ለደንበኛ እየሸጠ ትርፉን በሮያሊቲ ስም ወደዚያ ያሻግራል። ዘዴው ለብረት ማቅለጫ አይመችም፤ ምድጃ በፊርማ አገር አይቀይርም፣ መብት ግን ይቀይራል። አሜሪካ በ1997 ሥራ ላይ ያዋለችው ደንብም የውጭ ተቀጥላዎችን እንደ አንድ ድርጅት ለመቁጠር ስለፈቀደ፣ ክፍያው ከራሷ ግብር ሰብሳቢ ዕይታ ወጣ።

የአፕል መንገድ ከዚህ ይለያል። በ1980 ኮርክ ከተማ ፋብሪካ የከፈተው ይህ ኩባንያ በ1991 እና በ2007 ከአየርላንድ ግብር መሥሪያ ቤት የትርፍ አደላደል ውሳኔ አገኘ። አብዛኛው ትርፍ ሠራተኛም ቢሮም ለሌለው «ዋና መሥሪያ ቤት» ተመደበ። በአውሮፓ ኮሚሽን ስሌት፣ አንዱ ተቀጥላ በ2011 ካተረፈው 16 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ አየርላንድ ውስጥ ግብር የታሰበበት 50 ሚሊዮን ያህሉ ብቻ ነው። ኮሚሽኑ በ2016 እስከ 13 ቢሊዮን ዩሮ እንዲከፈል ሲያዝ፣ ገንዘቡ የሚገባላት አየርላንድ ራሷ ይግባኝ አለች። እንግዳ ቢመስልም ምክንያት ነበረው፤ ለባለሀብቱ የሰጠችውን ቃል የማታጥፍ አገር መባል ከአንድ ጊዜ ገቢ ይልቅ ያዋጣታል። በ2020 የተሻረው የኮሚሽኑ ውሳኔ በመስከረም 2024 በአውሮፓ ፍትሕ ፍርድ ቤት ጸና።

የቤርሙዳው በር በ2014 በወጣው በጀት ተዘጋ፤ ለነባር ተጠቃሚዎች ግን እስከ 2020 መጨረሻ ጊዜ ተሰጣቸው። ከ2024 ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው 750 ሚሊዮን ዩሮና ከዚያ በላይ የሆነ የኩባንያ ቡድኖች ቢያንስ 15 በመቶ ይከፍላሉ፤ ለሌሎቹ 12.5 በመቶው እንዳለ ነው።