ሥነ ጽሑፍ ተምሮ ምን ይሠራል?

ከዩኒቨርሲቲ ደውላችሁ «የደረሰኝ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው» ስትሉ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ወላጆች የጸለዩት ለሕክምና ወይም ለምህንድስና ነበር። «ተምረሽው ምን ልትሠሪበት ነው?» ብለው ቢጠይቁ ከክፋት አይደለም። በወላይታ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው፤ የልጅ ደመወዝ የቤተ ሰብ ተስፋ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ሳንንቅ መልሱን ከገዛ ታሪካችን እንፈልግ።

የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ሶዶ ደረሱ። በ1929 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት አማኞች 48 ነበሩ። በእጃቸው የቀረው በወላይትኛ የተተረጎመ የማርቆስ ወንጌልና የተመረጡ ክፍሎችን የያዙ ጥቂት ትንንሽ መጻሕፍት ብቻ ነው። ሚስዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች አገኙ። ይህ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ሆኖም ያ ወንጌል ወላይትኛ እንዲናገር «ይህን ቃል በቋንቋችን ምን እንበለው?» ብሎ ያሰበ ሰው ያስፈልግ ነበር። ለማያነቡት ጮክ ብሎ የሚያነብም እንዲሁ። ዲግሪ የሚባል ነገር ሳይኖር ሥራው ነበረ።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ የዘመቻው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። በወላይትኛ አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1981፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ2002 ተጠናቀቀ። በሁለቱ መካከል 21 ዓመት አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። የትምህርት ቤቱ ወላይትኛም በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። እያንዳንዱ እርምጃ ጸሐፊ፣ ተርጓሚ፣ አራሚና መምህር ፈልጓል።

ይህ ሥራ ሲበላሽ ምን እንደሚሆንም አይተናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ አንድ የጽሑፍ ቋንቋ ተዘጋጀ፤ የመማሪያ መጻሕፍትም በእርሱ ታተሙ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ በወረቀት ላይ አሳቡ ቀላል ይመስል ነበር። ልጁ ግን በመጽሐፉ ያገኘው የእናቱን ቋንቋ አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ በተቃውሞ ተናወጠች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤቶች ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ከእንግዲህ «ቋንቋ ማጥናት ቀላል ነገር ነው» የሚላችሁ ሰው ካለ ይህን ታሪክ ንገሩት።

ታዲያ ዛሬስ? እውነቱን እንነጋገር፤ «የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ብዙ አታገኙም። ሥራው የሚመጣው በሌላ ስም ነው፤ መምህር፣ ጋዜጠኛ፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ አስተርጓሚ፣ የመጻሕፍት አርታኢ እየተባለ። ሶዶ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር ከተማ ናት፤ ቢሮዎቿ በየቀኑ ደብዳቤ፣ ሪፖርትና ዜና ይጽፋሉ። ቦታው ግን ጥቂት፣ ተወዳዳሪው ብዙ ነው። ዲግሪ ብቻውን አያስቀጥርም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅም የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል።

ስለዚህ ምርቃትን አትጠብቁ። ወላይትኛንና አማርኛን ሁለቱንም ሳትሳሳቱ መጻፍ ተለማመዱ፤ እንግሊዝኛን ጨምሩበት። ኮምፒዩተር ላይ በፊደልም በላቲንም መተየብ ቻሉ። የአያቶቻችሁን ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር እንደ አነጋገራቸው ጻፉት፤ አስቴር ጋኖ የኦሮሞን ተረቶችና ዘፈኖች ሰብስባ ስለ ነበር ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ማሳተም ችላለች። የአጥቢያችሁን ቃለ ጉባኤ፣ የሰንበት ትምህርቱን ጽሑፍ፣ የመዘምራኑን ግጥም እርማት ተረከቡ። ቀጣሪ «እስከ ዛሬ ምን ጽፈሻል?» ሲል የምታሳዩት እርሱን ነው።

እናትና አባታችሁ በድጋሚ ሲጠይቋችሁም አትከራከሩ። የጻፋችሁትን አምጡና አንብቡላቸው።