ሸጎሌ ማን ነው?

ታክሲ ስትጠብቁ ረዳቱ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ሲጮህ ሰምታችሁ ይሆናል፡፡ ሸጎሌ የሰው ስም መሆኑን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? «ሼህ ሆጀሌ» በአዲስ አበቤ አፍ ሲሸራረፍ ነው ሸጎሌ የሆነው፡፡

ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአሶሳ ገዢ ነበሩ፡፡ ወገናቸው ወታዊት ይባላል፤ ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎች ከበርታ ሴቶች የወለዱት የገዢዎች ቤት ነው፡፡ በዘመኑ ዋና ዋናዎቹ ግዛቶች ሦስት ነበሩ፤ አሶሳ፣ ቤኒሻንጉልና ሆሞሻ፡፡ ሦስቱንም የሚያስጎመዥ አንድ ነገር ነበራቸው፤ ወርቅ፡፡

ከአድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክ ራስ መኮንንን ወደዚያ አዘመቱ፡፡ አገሩ ተያዘ፤ ሼህ ሆጀሌም ተይዘው አዲስ አበባ ታሰሩ፡፡ እንግሊዝም በ1894 ዓ.ም. የድንበር ውል ቤኒሻንጉል የኢትዮጵያ መሆኑን ተቀበለች፡፡

እንግዲህ የሰውየው ብልጠት የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው፡፡ ከእስር ተፈትተው አሶሳ ተመለሱ፤ ወርቁን ለአዲስ አበባ እየገበሩ አገራቸውን ራሳቸው ገዙ፡፡ ብሎም ከሌሎቹ ሼኮች በላይ ሆኑ፡፡ ምኒልክ አለፉ፣ ልጅ ኢያሱ ወረዱ፣ ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ፤ ሆጀሌ ግን አሉ፡፡ በጉለሌ በኩል ያሠሩት ቤት የመዲናዋ ቅርሶች ሲቆጠሩ ዛሬም ስሙ ይነሳል፡፡

ነገር ግን ግብሩ ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበር፡፡ ከማኦ፣ ከኮሞ፣ ከጉሙዝና ከራሱ ከበርታ መንደሮች የተነጠቁ ሰዎች ይሸጡ ነበር፡፡ ባለቤታቸው ስት አምና በድንበሩ ላይ የታወቀች የባሪያ ነጋዴ ነበረች፡፡ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባሪያ ፍንገላን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፡፡ ስት አምናን የያዛት ግን አዲስ አበባ አይደለም፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሱዳንን የሚገዙት እንግሊዞች ናቸው፡፡ ለምን ቢባል፣ ማዕከሉ ወርቁን ይፈልግ ነበራ!

ሼህ ሆጀሌ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ገደማ አረፉ፡፡ ለአሶሳ የራስ አስተዳደር ያቆዩላት እሳቸው ናቸው፤ ሰዋን የሸጡትም እሳቸው ናቸው፡፡ አንዱን ነግሮ ሌላውን መዋጥ ታሪክ አይሆንም፡፡

የሰፈሩ ስም ይቀየር አልልም፡፡ ግን የእሳቸውን ስም ረዳቱ በየቀኑ ይጠራዋል፤ ከነዚያ ከተሸጡት መካከል የአንዱን እንኳ ስም ማን ያውቃል?