ቀዳዳው ዘንቢል

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት። ስለ ራስን መመርመር ነው። ርዕሱ የስብከት ይመስላል፤ እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና በታሪክ በኩል ልግባ።

ራስን መመርመር ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ጨፍኖ ማሰብ ብቻ ይመስለናል። ከ1600 ዓመት በፊት በግብፅ በረሃ ግን የጽሑፍ ሥራም ነበር።

የመነኮሳት አባት የምንለው እንጦንስ ያረፈው በ356 ዓ.ም (እ.ኤ.አ.) ነው። ብዙም ሳይቆይ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ታሪኩን ጻፈ። አትናቴዎስ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አባ ሰላማ የምንለውን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው እሱ ነው። ታዲያ በጻፈው ታሪክ ውስጥ እንጦንስ ለመነኮሳቱ አንድ ምክር ይሰጣል፦ እያንዳንዳችሁ የምትሠሩትንና በልባችሁ የሚመላለሰውን፣ ለሌላ ሰው እንደምትናገሩት አድርጋችሁ ጻፉ ይላቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው እያየው አሳፋሪ ነገር የሚሠራ የለም። ብቻውን ላለ መነኩሴ ወረቀቱ የወንድሙ ዓይን ይሆንለታል።

ይሄ ምክር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የሲና ገዳም አባት የነበረው ዮሐንስ ክሊማኮስ፣ በእስክንድርያ አካባቢ አንድ ገዳም ሄዶ ያየውን ጽፏል። የምግብ ቤቱ ኃላፊ መነኩሴ መታጠቂያው ላይ ትንሽ መጻፊያ አንጠልጥሏል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ በየቀኑ ሐሳቡን እየመዘገበ ለገዳሙ አባት እንደሚያሳይ ተነገረው። ሌሎቹም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ልብ በሉ፦ የሚጽፈው ስለ ራሱ ነው፤ የሚያሳየውም ለአንድ ሰው ነው።

ይሄ ሁሉ ምዝገባ ግን ምን ፍሬ አፈራ? መልሱን የማገኘው ሙሴ ጸሊም ጋ ነው።

ሙሴ መጀመሪያ ሽፍታ ነበር። ጽሑፎቹ «ኢትዮጵያዊ» ይሉታል፤ በጊዜው በግሪክኛ ይሄ ቃል ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሚያካትት ሰፊ ስም ነበር። በኋላ በአስቄጥስ በረሃ መነኮሰ። አንድ ቀን አንድ ወንድም አጠፋና ሊፈርዱበት ጉባኤ ተጠራ። ሙሴ አልሄድም አለ። መልእክተኛ ሲላክበት፣ ቀዳዳ ዘንቢል አሸዋ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። በሌላ ቅጂ ዘንቢሉ የሚያፈስ የውሃ ማሰሮ ነው። ይሄ ምንድነው ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል፣ እኔ አላየውም፣ ዛሬ ግን የሌላውን ልፈርድ መጣሁ የሚል መልስ ሰጣቸው። ጉባኤው አንድ ቃል ሳይጨምር ወንድሙን ይቅር አለው።

እንግዲህ የመንፈሳዊ እድገት መለኪያው ይሄ ይመስለኛል። የጾምነው ቀን ብዛት፣ በቃላችን የያዝነው ጥቅስ ብዛት ብቻውን አይለካንም። ራሱን በደንብ ያየ ሰው የሌላው ጥፋት ሲነገረው እጁ ለድንጋይ አይፈጥንም። እንጦንስም ቢሆን በገዳም የቆየበትን ዘመን አይቆጥርም ነበር፤ በየቀኑ ገና ዛሬ እንደጀመረ ያስብ ነበር ይላል አትናቴዎስ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኛም መጻፊያ አንጠልጥለናል፤ ስልካችን ማለቴ ነው። ግን የምንጽፈው ስለ ሌላው ነው፤ የምናሳየውም ለሺህ ሰው ነው። ባለፈው ሰሞን የአንዲት ወጣት ስህተት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር አየሁ። ከሥሩ ከሚሳደቡት ብዙዎቹ በፕሮፋይላቸው ላይ መስቀልና ጥቅስ የለጠፉ ናቸው። የእናቶቻችን ተረት «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላል። የልጅቷ ስህተት ነገ ይረሳል እንበል። እሷ ግን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስትደርስ የእነዚያ ሰዎች ስድብ ትዝ ቢላት፣ ትገባለች ወይስ ትመለሳለች?

«ቲቸር፣ ታዲያ ጥፋት ዝም ይባል?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ኧረ አይባልም! እኔ ራሴ የፈተና ወረቀት አራሚ ነኝ፤ ስህተቱን ስህተት ካላልኩ ልጁን በድየዋለሁ። የተበደለ ሰው ካለም ፍርድ ማግኘት አለበት። ግን ቀዩ እስክሪብቶ የሚያርመው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱን አልፎ ልጁ ላይ X ካደረገ፣ ማረም መሆኑ ቀርቶ ማጥፋት ይሆናል። ሙሴም ጥፋቱ ጥፋት አይደለም አላለም፤ እኔ ከሱ የተሻልኩ አይደለሁም ነው ያለው።

ስለዚህ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ ልማድ አይለቅም መቼም። ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ሦስት መስመር ስለ ራሳችሁ ጻፉ፦ ዛሬ ምን ሠራሁ፣ ምን አሰብኩ፣ ማንን ጎዳሁ። ፖስት አታድርጉት፤ እኔም አልሰበስብም። የነፍስ አባት ያላችሁ ለእሳቸው፣ የሌላችሁ ደግሞ ለምታምኑት አንድ ሰው ንገሩ። በስምንተኛው ቀን የሰው ስህተት ስልካችሁ ላይ ሲመጣ ጣታችሁ «ሼር» ላይ ለመሄድ ትንሽ ከዘገየ፣ አንድ ክፍል አልፋችኋል።

ቸር ያሰማን!