የምግብ ጉዞ ወደ መካነ ሰላም፦ ምን ይበላል? ምን ይጠጣል? መቼ ይኬዳል?

ሰዎች ለእረፍት ሲወጡ ባህር ወይ ተራራ ለማየት ብቻ አይደለም የሚሄዱት። ለመብላትና ለመማርም ይሄዳሉ። ይህ "የምግብ ጉዞ" ይባላል፤ በዚህ በኩል በጣም ከታወቁት አገሮች አንዷ ስፔን ናት። ዛሬ የስፔኑ ጉዞ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እናያለን። ከዚያ ወደ ደቡብ ወሎ፣ ወደ ቦረና እና መካነ ሰላም እንመጣለን። እዚያ ያለው ማዕድ ከስፔኑ አያንስም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

📌 ስፔኖች ምን አደረጉ?

ስፔን ውስጥ "የስፔን ምግብ" የሚባል አንድ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም በየአካባቢው ነው። ፓኤያ የሚባለው የሩዝ ምግብ የቫሌንሲያ ነው። በሰሜን ሳን ሴባስቲያን የሄደ ሰው ከአንዱ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው እየዞረ "ፒንቾስ" የሚሏቸውን ትንንሽ ምግቦች ይቀማምሳል። ወይን የፈለገ ሪዮሃ ይሄዳል። ሪዮሃ የወይኑን የትውልድ ስፍራ ስም በሕግ ያስጠበቀችው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። በአስቱሪያስ ደግሞ ከፖም የሚጠመቅ ሲድራ አለ፤ አስተናጋጁ ጠርሙሱን ከራሱ በላይ አንስቶ ወደ ብርጭቆው ያወርደዋል። ይህ የሲድራ ባህል በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ነገሩን ልብ በሉ። መጠጡ የገበሬ መጠጥ ነው፣ ምግቡም የሰፈር ምግብ ነው። ለውጡ የመጣው ቦታው ስም ስላገኘ፣ ዋጋ ስለተቆረጠለትና እንግዳ የሚቀበል ቤት ስለተዘጋጀ ነው።

የእኛስ? ከኢትዮጵያ መስቀል፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ገዳ፣ ጥምቀትና ሹዋሊድ በዚሁ የዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። ጠላ፣ ጠጅ፣ እንጀራ ግን በስማቸው አልገቡም።

📌 መካነ ሰላም የት ናት?

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከፍታዋ ከባህር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ እዚሁ ነው። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም በዚሁ አካባቢ ይገኛል፤ የድሮ ስሙ ደንቆሮ ጫካ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ያሉበት ፓርክ ነው።

ለምግብ ጉዞ ትልቁ ሀብት ግን የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከደሴ ተነስታችሁ ጉጉፍቱንና አቀስታን ስታልፉ ብርዳሙ ደጋ ላይ ናችሁ። መካነ ሰላም ስትደርሱ አየሩ ለዘብ ይላል። ከዚያ ወደ አባይ በረሃ ከወረዳችሁ ደግሞ ቆላ ነው። በአንድ መንገድ ሦስት የአየር ጠባይ፣ ሦስት ዓይነት ማዕድ!

📌 ምን ይበላል?

1. ደጋው፦ የገብስ አገር
እዚህ ገብስ ንጉሥ ነው። ቆሎ፣ ቂንጬ፣ ገንፎ፣ ጠላ፣ ሁሉም ከገብስ ይወጣል። በሶን እንደ ምሳሌ እንይ። ገብሱ ይቆላል፣ ይፈተጋል፣ ከዚያ ይፈጫል። ዱቄቱ አስቀድሞ በእሳት ስላለፈ ድጋሚ ማብሰል አያስፈልገውም፤ በውሃና በጨው ወይም በማር አሽቶ መብላት ነው። መንገደኛ ለስንቅ የሚይዘው ለዚህ ነው፤ ቶሎ አይበላሽም፣ እሳት አይጠይቅም፣ ሆድ ይይዛል። የደጋው በግም የሚረሳ አይደለም።

2. ወይና ደጋው፦ ጤፍና ጥራጥሬ
እንጀራው የጤፍ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽንብራ አብረው ይመጣሉ። በጾም ጊዜ ከሄዳችሁ ስልጆ ጠይቁ። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ውሃ ተሠርቶ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ለቀናት የሚብላላ ማባያ ነው። አፍንጫ ድረስ የሚወጣ ጣዕም አለው። ስልጆ መሥራት የሚችሉ ብዙ ጊዜ እናቶችና አያቶች ናቸው፤ እኛ ወጣቶቹ ካልተማርን ከነሱ ጋር ይቀራል።

3. ቆላው፦ ማሽላ
ወደ አባይ ሲወረድ የማሽላ እንጀራና ቂጣ ይበዛል። ከጤፍ ጋር አታወዳድሩት፤ ትኩስ እያለ ብሉት።

ለበዓል ደግሞ ድፎ ዳቦ አለ። ሊጡ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከላይም ከታችም እሳት ሆኖበት ይጋገራል። ቀላል ይመስላል፤ እሳቱን መመጠን ግን ሙያ ነው።

📌 ምን ይጠጣል?

ስፔን ወይን አላት፣ እኛም አለን። በዝዋይ አካባቢ ካስቴል ወይን ያመርታል። መካነ ሰላም ሄዶ ወይን መፈለግ ግን ነገሩን መሳት ነው። የደጋው መጠጥ ጠላ ነው። አጠማመቁም ከማንኛውም ወይን ጠጅ ቤት ጉብኝት የማያንስ ትምህርት አለው፦

👉 ጋኑ ወይም እንስራው ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል።
👉 የተወቀጠ ጌሾና ጥቂት ብቅል በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ይህ ጥንስስ ነው። (ብቅል ማለት ተነክሮ የበቀለ፣ ከዚያ ደርቆ የተፈጨ እህል ነው።)
👉 ከቀናት በኋላ የተቆራረሰ ቂጣና ተጨማሪ ብቅል ይገባል።
👉 ተቆልቶ የተፈጨ እህል፣ ማለትም ደረቆት፣ ሲጨመር ድፍድፍ ይሆናል።
👉 ውሃ ይሞላና አፉ ተከድኖ እስኪደርስ ይቆያል።

ገና ሳይጠል የሚቀዳው ጉሽ ይባላል። መጨረሻ ላይ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቀጭኑ ደግሞ ቅራሪ ነው። ጌሾው ለቢራ ሆፕስ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ መራራ ያደርገዋል፣ እንዳይበላሽም ይረዳል።

አልኮል የማይጠጣ ሰው ምን ያድርግ? ወሎ ውስጥ ይሄ ችግር አይደለም። ቀሪቦ አለ፣ ብርዝ አለ፣ ቡናው ደግሞ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ይቀጥላል።

አረቄ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። በጣም ኃይለኛ ነው፤ ማን እንዳወጣው የማታውቁትን አትጠጡ።

📌 መቼ ይኬዳል?

መስከረምና ጥቅምት፦ የእሸት ጊዜ ነው። የባቄላና የአተር እሸት በየመንገዱ አለ።
ጥቅምትና ኅዳር፦ ማር የሚቆረጥበት ወቅት ነው።
ጥር፦ ጥምቀትና ሠርግ። ጠላውም ድፎውም በብዛት የሚገኝበት ወር ነው።
ዓቢይ ጾም፦ ሥጋና ቅቤ ከፈለጋችሁ አይመችም፤ የጾም ምግብ ለመማር ግን ምርጥ ጊዜ ነው።
ክረምት፦ ጭቃና ጉም። ለመንገድ አስቸጋሪ ነው።

ረቡዕና አርብ በክርስቲያን ቤት ጾም መሆኑን አትርሱ። በረመዳን ደግሞ በሙስሊም ቤት ማዕዱ የሚደምቀው ለኢፍጣር ነው።

📌 ሥጋ ላይ ያለው ሥርዓት

በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይኖራል። ሥጋው ግን ይለያል። ደጋሽ የሌላ እምነት እንግዳ ካለው ለብቻው ያሳርዳል፣ ለብቻው ያሠራል። ስለዚህ ስትገቡ እምነታችሁን ብትናገሩ ነውር የለውም። እንዲያውም ባለቤቶቹን ከጭንቀት ታድናላችሁ።

📌 እሺ፣ ምን ጎደለ?

የጎደለው ተቀባይ ቤትና ዋጋ ነው። በእኛ ባህል እንግዳ አይከፍልም፤ ያበሉትን ሰው ሒሳብ መጠየቅም ያሳፍራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ እናት ጠላ ጠምቀው፣ እንጀራ ጋግረው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስተምሩ ከዋሉ ያ ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ ይከፈልበታል።

ይህን የሞከረ አለ፣ ያውም እዚሁ ወሎ። በሰሜን ወሎ መቄት ውስጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ተስፋ" በሚል ስም የሚታወቅ የማኅበረሰብ ቱሪዝም ተጀምሯል። እንግዳው በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፣ ዕቃውን አህያ ይጭንለታል፣ ማታ ገበሬዎቹ በሠሩት ጎጆ ያድራል፣ የአካባቢውን ምግብ ይበላል። ጎጆውን የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ነው፣ ገቢም ያገኝበታል። ሆቴል አልተገነባም፣ ምግብም ከከተማ አልመጣም። ቦረናም ፓርኩ አላት፣ ማዕዱ አላት፣ ቋንቋና ስልክ የሚያውቁ ተማሪዎችም አሏት። አስጎብኚና አስተዋዋቂ መሆን የሚችሉት እነሱ ናቸው።

📌 ከመነሳታችሁ በፊት

✔️ የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ እዚያ ከሚኖር ሰው አጣሩ። ይህን ሳታደርጉ አትነሱ። ጊዜው ካልሆነ ጉዞው ይቆይ፤ ጠላው ነገም ይጠመቃል።
✔️ ወፍራም ልብስ ያዙ፤ የደጋው ሌሊት ቀልድ አይደለም።
✔️ ጥሬ ብር ያዙ፤ ኔትወርክ ይጠፋል።
✔️ ዋጋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብሩንም ላበሰሉት ሰው በእጃቸው ስጡ።
✔️ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። አሠራሩን ስትቀርጹ የባለሙያዋን ስም መጥቀስ ይፈልጉ እንደሆነም ጠይቁ።
✔️ ጠላ ጠጥቶ መንዳት የለም።

መሄድ ያልቻለ ደግሞ ከቤቱ ይጀምር። እናታችሁን ወይ አያታችሁን "ጠላ ስትጠነስሱ ጥሩኝ" በሏቸው። ስልካችሁን አውጡና ከጥንስሱ እስከ ጉሹ ቅረጹ፤ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ ምን ያህል ጌሾ እንደገባ ጻፉ።

በእናንተ አካባቢ ብቻ የሚሠራ ምግብ ወይም መጠጥ ካለ ስሙንና አሠራሩን ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን።