የሴንት ኦሜር ልጆች ዜና መዋዕል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ። ስለ ካቶሊክ እምነታቸው አገራቸውን የተዉ የእንግሊዝ ልጆች የተማሩበትን ቤት ዜና እንጽፋለን፤ ቤቱን ላቆሙትና ቤቱ መጠጊያ ሲያጣ መጠጊያ ለሰጡት ሰዎች መታሰቢያ ይሁን። ዓመቶቹን የምንቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በእኛ አገር ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነግሠው ሳለ በእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ነበሩ። በ1585 በወጣው አዋጅ በአገሩ የተገኘ ኢየሱሳዊ ካህን እንደ ከዳተኛ በሞት ይቀጣ ነበር፤ ያለ ፈቃድ ልጁን ባሕር ማዶ የላከ አባትም 100 ፓውንድ ይከፍል ነበር። ስለዚህ ኢየሱሳዊው አባ ሮበርት ፐርሰንስ የስፔኑን ንጉሥ ዳግማዊ ፊልጶስን ለመኑ፤ ንጉሡም እሺ አሉ። በ1593 ያን ጊዜ በስፔን ግዛት ሥር በነበረችው በሴንት ኦሜር ከተማ የወንዶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ፊልጶስ ብዙ መርከብ ወደ ባሕር ያወረዱ ንጉሥ ናቸው፤ ይህ ሥራቸው ግን ከመርከቦቻቸው ሁሉ ዕድሜው ረዘመ።

ልጆቹ የሚመጡት ተደብቀው ነበር፤ በባሕር ላይ የተያዙም አሉ። በመዝገቡ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሐሰት ስም ነው፤ እውነተኛው ስም ከታወቀ አገር ቤት የቀረው አባት ይቀጣልና። ክፍሎቹም ስም ነበራቸው፦ ሰዋስው፣ ከዚያ አገባብ፣ ከዚያ ቅኔ፣ በላይ ደግሞ የንግግር ጥበብ። ዜማና በላቲን የሚሠራ ቴአትር ይማሩ ነበር። የእኛ ጸሐፊ ብራናውን በስመ አብ ብሎ እንደሚጀምር ሁሉ፣ በዚህ ቤት ሥርዓት የሚጽፍ ልጅ ከወረቀቱ ራስ ላይ «ለሚበልጠው የእግዚአብሔር ክብር» የሚለውን፣ ከግርጌው «ምስጋና ሁልጊዜ ለእግዚአብሔር» የሚለውን በላቲን ፊደላት አሳጥሮ ያኖራል።

በ1608 ሱስንዮስ በእኛ አገር አዲስ ንጉሥ ሳሉ፣ ከዚህ ቤት የወጣው አባ ቶማስ ጋርኔት ለንደን ላይ በታይበርን ተሰቀለ። ከቤቱ ልጆች ለሰማዕትነት የመጀመሪያው እርሱ ነው። ሮም በ1970 ቅዱስ ብላዋለች፤ የቤቱ ሰዎች ግን ያን ያህል አልጠበቁም።

ከዚህ በኋላ ስለ ብዙ ዓመት የምንጽፈው ጥቂት ነው፤ ልጆች መጡ፣ ተማሩ፣ ሄዱ። ሴንት ኦሜርም ከስፔን እጅ ወደ ፈረንሳይ እጅ ገባች።

በ1677 ታኅሣሥ ቲቶ ኦትስ የሚባል ሙሉ ሰው ከልጆች ጋር ሊማር ገባ፤ ማን እንዳስገባው መጻፍ አያስፈልግም። በ1678 ሰኔ ተባረረ። ወደ ለንደን ተመልሶም ኢየሱሳውያን ንጉሥ ቻርልስን ሊገድሉ ተማከሩ፣ እኔም በሚያዝያ ለንደን ላይ በምክራቸው መካከል ነበርሁ ብሎ ማለ። አገሩ ሁሉ ተሸበረ፤ የንጹሓን ደም ፈሰሰ።

እዚህ ላይ የልጆቹን ሥራ በሰፊው መጻፍ ይገባል። በ1679፣ ጻድቁ ዮሐንስ በጎንደር ነግሠው ሳሉ፣ አባ ቶማስ ዋይትብሬድና አራት ካህናት ለፍርድ ቀረቡ። ያን ጊዜ ከሴንት ኦሜር ከአሥር የሚበልጡ ወጣቶች ባሕር ተሻግረው፣ እምነታቸው ወንጀል ወደ ሆነበት አገር በገዛ እግራቸው ገብተው ከችሎቱ ቆሙ። ኦትስ በዚያ ሚያዝያ ከእኛ ጋር ነበር፣ ከቤቱም አልወጣም አሉ። በምን ታውቃላችሁ ተብለው ሲጠየቁ፣ በመብል ቤት ለብቻው በትንሽ ገበታ ይቀመጥ ነበር፣ ስንገባም ስንወጣም እናየው ነበር ብለው መለሱ። ከሌላው ተለይቶ የሚበላን ሰው ማን አያስተውለውም? ችሎቱን ለማየት የመጣው ሕዝብ ሳቀባቸው። ዳኛው ስክሮግስም ሃይማኖታቸው መዋሸትን ይፈቅድላቸዋል እያለ ቃላቸውን አቃለለው። አምስቱ ካህናት በዚያው ዓመት ሰኔ ተሰቀሉ። ነገር ግን በ1685 ያው ኦትስ በሐሰት ምስክርነት ተፈረደበት፤ በአደባባይ ተገረፈ። የእግዚአብሔር ፍርድ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ልጆቹ በእግዚአብሔር ፊት የረቱት ግን ከሳቁባቸው ሰዎች መካከል በቆሙ ቀን ነው።

በአሜሪካም በሜሪላንድ ለካቶሊክ ትምህርት ቤት ክልክል ስለ ነበር አባቶች ልጆቻቸውን ውቅያኖስ አሻግረው ወደዚህ ቤት ይልኩ ነበር። ከእነዚህም ቻርልስ ካሮል በ1776 የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ ከፈረሙት መካከል ብቸኛው ካቶሊክ ነው። ዘመዱ ጆን ካሮል ደግሞ የዚያች አገር የመጀመሪያው ካቶሊክ ጳጳስ ሆነ።

በ1762፣ በእኛ አገር በዐፄ ኢዮአስ ዘመን፣ የፓሪስ ፓርላማ ኢየሱሳውያን ከትምህርት ቤቶቻቸው እንዲወጡ ፈረደ። የፈረንሳይ ሹማምንት የፈለጉት ቤቱን ከነልጆቹ ለሌላ አስተዳዳሪ ሊያስረክቡ ነበር። ነሐሴ በገባ ጊዜ መምህራኑ ልጆቹን እንደ ልማዱ ለሽርሽር አወጧቸው፤ አንዱ ወገን ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ። ሻንጣ የያዘ አልነበረም፤ ያየም ሁሉ የሚመለሱ መሰለው። ከከተማው ርቀው ሠረገላና ጀልባ ቆይቷቸው ነበር፤ ድንበር ተሻግረው ብሩዥ ላይ ተሰበሰቡ። ሹማምንቱ የተረከቡት ግድግዳ ነው። ወደ ባዶው ቤት ስለ ገቡት፣ የአንድ አገርና የአንድ መሠዊያ ወንድሞቻቸው ስለሆኑት ካህናት፣ ዝም እንላለን።

በ1773 ከሮም ደብዳቤ መጣ፤ የኢየሱሳውያን ማኅበርም ፈረሰ። በብሩዥ መምህራኑ ተወስደው እንግዶች በተሾሙ ጊዜ ልጆቹ መስኮት ሰበሩ፤ ወታደርም ገባባቸው። ያደረጉት ለመምህሮቻቸው ካላቸው ፍቅር ነው። የሊዬዡ መስፍን ጳጳስ ቬልብሩክ በግዛታቸው አስጠጓቸው፤ ስማቸው በበጎ ይነሣ። ሃያ ዓመት ያህል በዚያ ተማሩ።

አሁን ስለ ቶማስ ዌልድ እንናገር። በእነዚሁ መምህራን እጅ የተማረ ባለጸጋ ነው፤ አሥራ አምስት ልጆች ነበሩት። ጆን ካሮል ነሐሴ 15 ቀን 1790 የጵጵስና ማዕረግ የተቀበለው በዌልድ ርስት በላልዎርዝ፣ በዌልድ ጸሎት ቤት ነው። በ1791 የእንግሊዝ ሕግ ለካቶሊኮች ላላ። በ1794 የፈረንሳይ አብዮት ጦር ሊዬዥን ሲያስጨንቅ መምህራኑና ልጆቹ በሜዝ ወንዝ በጀልባ ወርደው ባሕር ተሻገሩ። ዌልድም ላንካሸር ውስጥ ስቶኒኸርስት የሚባለውን፣ ብዙ ዘመን ባለቤቱ ያልኖረበትን ሰፊ አሮጌ ቤት ሰጣቸው። ነሐሴ 29 ቀን ደረሱ። ከልጆቹ ሁለቱ ቤቱን ሲያዩ እሽቅድምድም ሮጡ፤ ጆርጅ ክሊፎርድ ቀድሞ ገባ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። በስደት የተወለደው ቤት ከ201 ዓመት በኋላ አገሩ ገባ።

የክፍሎቹ ስም አልተለወጠም፤ ሰዋስው፣ አገባብ፣ ቅኔ እየተባለ ቀጠለ። የመርማሪውን የሸርሎክ ሆምስን ታሪክ የደረሰው አርተር ኮናን ዶይል በልጅነቱ እዚህ ተማረ፤ ገጣሚው ካህን ሆፕኪንስም እዚህ አስተማረ። ከ1999 ወዲህ ሴቶች ልጆችም ይገባሉ።

ቶማስ ዌልድ በ1810 ነሐሴ መባቻ ወደ ስቶኒኸርስት ለጉብኝት መጥቶ ሳለ፣ ለመምህሮቹ በሰጠው በዚያው ቤት በድንገት ዐረፈ። ልጁ ቶማስም በ1830 ካርዲናል ሆነ።