በስልክ መናገር፣ በችሎት ዝም ማለት፦ በይርጋ የታገደ ዕዳ በአሜሪካ

አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ክፍያ ለስድስት ወር ያህል ሲቋረጥ ባንኩ ሒሳቡን የማይሰበሰብ ብሎ ከመዝገቡ ያወጣዋል። ለባንኩ ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ይችላል፤ ለተበዳሪው ግን አያበቃም። ሒሳቡ ከሺዎች ጋር ተጠቅልሎ ለዕዳ ገዢ ይሸጣል፤ የገዛውም መልሶ ሊሸጠው ይችላል። ከዓመታት በኋላ ተበዳሪው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ ድርጅት ይደውልና ገንዘቤን ክፈለኝ ይላል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ትልልቆቹ ዕዳ ገዢዎች ለአንድ ዶላር ዕዳ በአማካይ የከፈሉት 4 ሳንቲም ነበር። ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ላስቆጠረ ዕዳ የከፈሉት ደግሞ 2 ሳንቲም ያህል ብቻ ነው።

ዋጋውን ያወረደው የተበዳሪው ማጣት ብቻ ሳይሆን የማስረጃው ማነስም ነው። ከዕዳው ጋር የሚተላለፈው በአብዛኛው የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ነው፦ ስም፣ የመጨረሻ አድራሻ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የመጀመሪያው አበዳሪ፣ ቀሪ ሒሳብ። ውሉና ወርሃዊው መግለጫ፣ ተበዳሪው ቀደም ሲል ያቀረበው ቅሬታም፣ ብዙ ጊዜ አብረው አይመጡም። በዚያው ጥናት ተበዳሪዎች ከተከራከሩባቸው ሒሳቦች ውስጥ ገዢዎቹ አረጋገጥን ያሉት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነበር። የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናትም ስለ ዕዳ ከተጠየቁት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕዳው የእኔ አይደለም፣ የቤተሰቤ ነው ወይም መጠኑ ልክ አይደለም ብለዋል።

እንዲህ ያረጀ ዕዳ በፍርድ ቤት እንዳይጠየቅ የሚያግደው የጊዜ ገደብ ይርጋ ይባላል። በእኔ እምነት የሕጉ ዋና ክፍተት የይርጋው ዘመን ማጠር ወይም መርዘም ላይ አይደለም። ይርጋ ተበዳሪውን የሚጠብቀው በሁለት ቦታ ሁለት ተቃራኒ ጠባይ ካሳየ ብቻ ነው፤ በስልክ ላይ ቁጥብ፣ በችሎት ፊት ተናጋሪ መሆን አለበት። ብዙ ሰው፣ በተለይም በእኛ ሥርዓት ያደገ ሰው፣ የሚያደርገው ግን የዚህን ግልባጭ ነው።

ጽንሰ ሐሳቡ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1845 ላይ፣ ሌላ ድንጋጌ ከሌለ በቀር፣ ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በ10 ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ ይደነግጋል። በቁጥር 1851 ደግሞ ተበዳሪው ዕዳውን ካመነ፣ ወለድ ወይም ከፊሉን ከከፈለ ቆጠራው ይቋረጣል። በቁጥር 1856 መሠረት ዳኛው ይርጋን በራሱ አነሳሽነት ሊያነሳ አይችልም፤ ጥቅሙን የሚፈልገው ተከራካሪ ራሱ ማንሳት አለበት። አሜሪካም በመሠረቱ በዚሁ መንገድ ትሄዳለች። ልዩነቱ እዚያ ይርጋው ከግዛት ግዛት መለያየቱ ነው። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ወንዙን መሻገር ብቻ ሕጉን ይቀይረዋል። በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ የተለመደው የውል ይርጋ 3 ዓመት ሲሆን፣ በቨርጂኒያ ለጽሑፍ ውል 5፣ ለቃል ውል 3 ዓመት ነው። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ተበዳሪው ቢከፍል ወይም ቢያምን ቆጠራው ይታደሳል ወይ ለሚለው ጥያቄም መልሱ አንድ አይደለም። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2016 ጀምሮ የሸማች ዕዳ በዚህ መንገድ እንዳይታደስ ከልክላለች። ቨርጂኒያ አዲስ የመክፈል ቃል በጽሑፍና በፊርማ እንዲሆን ትጠይቃለች። በሌሎች በርካታ ግዛቶች ግን ጥቂት ዶላር መክፈል ብቻ የሞተውን የክስ መብት ሊያስነሳ ይችላል።

የስልክ ጥሪው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። ደዋዩ በመጀመሪያ የትውልድ ቀን ያስረግጣል፤ ቀጥሎ ዋናውን ከወለዱ ደምሮ ይናገርና፣ ሙሉውን ባትችል እንኳ ለበጎ ፈቃድህ ማሳያ ዛሬ 25 ዶላር ክፈል ይላል። ተጠያቂው ደንግጦ፣ «አሁን እጄ አጥሮ ነው እንጂ አልካድኩም፤ ቀስ በቀስ እከፍላለሁ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ቃል አገር ቤት በሽማግሌ ፊት የጨዋ ሰው ቃል ነው። ያመነ ሰው ጊዜ ይሰጠዋል፣ ከዕዳውም ይቀነስለታል፤ ማመን የምሕረት መግቢያ በር ነው። በተቀዳ ስልክ ላይ ግን ያው ቃል በተናጋሪው ላይ የሚቀርብ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ከመስመሩ ማዶ ያለውም ያበደረው ሰው አይደለም። ታማኝነት ራሱ የክስ መሣሪያ ሲሆን ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ያረጀ ዕዳውን አውቆ፣ አስቦበት የሚከፍል ሰው ክብር ይገባዋል። በድንጋጤ የመለሰውን ሰው ግን ፈቅዶ ነው የከፈለው ማለት አይቻልም።

ሕጉ ለዚህ መሸሸጊያ አዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ሰብሳቢው መጀመሪያ ባነጋገረ በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን ዝርዝር በማስታወቂያ እንዲያደርስ ያስገድዳል። ተበዳሪው ማስታወቂያው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወመ ማረጋገጫ እስኪላክለት ድረስ ማስከፈሉ ይቆማል። ከኅዳር 30 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ደንብ የማስታወቂያውን ናሙና ይዞ ወጥቷል። በወረቀቱ ግርጌ ተቆርጦ የሚላክ ክፍል አለ፤ እዚያም «ዕዳው የእኔ አይደለም»፣ «መጠኑ ትክክል አይደለም» የሚሉ ምልክት የሚደረግባቸው ሣጥኖች ተሰልፈዋል። በእነዚህ ላይ ምልክት ማድረግ ዕዳን ማመን አይደለም። ያው ደንብ ሰብሳቢው በይርጋ ለታገደ ዕዳ እንዳይከስም፣ እከሳለሁ ብሎ እንዳያስፈራራም ይከለክላል፤ ክፈሉኝ ብሎ መጠየቅን ግን አይከለክልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አልተከሰስኩም ማለት ዕዳው ጠፋ ማለት አይደለም፤ ተጠየቅሁ ማለትም ልከሰስ እችላለሁ ማለት አይደለም። በክሬዲት ሪፖርት ላይ የሚቆየው የ7 ዓመት ጊዜም ከይርጋው ጋር ግንኙነት የለውም፤ መክፈልም ያንን ጊዜ አያስረዝመውም።

ስማችን ራሱ አንድ ችግር ይጨምራል። በአሜሪካ መዝገብ «የመጨረሻ ስም» የሚባለው ለእኛ የአባት ወይም የአያት ስም ነው። ተስፋዬ፣ ከበደ ወይም ኃይሌ የሚል የመጨረሻ ስም ያላቸው የማይዛመዱ ሰዎች በአንድ ሰፈር ይገኛሉ። አንዱ ሰው በፓስፖርቱ በአያቱ፣ በባንክ ሒሳቡ በአባቱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል፤ የላቲን አጻጻፉም ከቅጽ ቅጽ ይለያያል። በስምና በአሮጌ አድራሻ ብቻ ሰው ለሚፈልግ ሰብሳቢ ይህ የስሕተት ምንጭ ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ ተበዳሪ የመጀመሪያው ጥያቄ ዕዳው ስንት ነው ሳይሆን በእርግጥ የማን ነው መሆን አለበት።

ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ የጠባዩ ሚዛን ይገለበጣል፤ በስልክ የጠቀመው ቁጥብነት በችሎት ያስፈርዳል። ፒው የተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳሳየው፣ መረጃ በተገኘባቸው የዕዳ ክሶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተከሳሹ መልስ ሳይሰጥ የተፈረደባቸው ናቸው፤ ጠበቃ ያላቸው ተከሳሾች ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ደንቡ ቢከለክልም የታገደ ዕዳ ተከሶበት ተከሳሹ ካልቀረበ፣ ይርጋውን የሚያነሳለት የለም። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት መጥሪያ የደረሰው የግዛቱ ነዋሪ በ15 ቀን ውስጥ እከላከላለሁ ብሎ ማስታወቅ አለበት። ይህ ካለፈና ፍርድ ከተሰጠ፣ በ3 ዓመት ይታገድ የነበረው ጥያቄ ለ12 ዓመት የሚጸናና የሚታደስ ፍርድ ይሆናል፤ ከደመወዝም ሊቆረጥበት ይችላል። መጥሪያውን ፈርቶ ሳይከፍተው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው የሚያጣው ይህንን ነው።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በሚድላንድ ፈንዲንግና በጆንሰን ጉዳይ፣ በኪሳራ መዝገብ ውስጥ በግልጽ በይርጋ የታገደ ዕዳ ማቅረብ የ1977ቱን ሕግ አይጥስም ሲል 5 ለ3 በሆነ ድምፅ ወስኗል። አብላጫው ከተመረኮዘባቸው ምክንያቶች አንዱ ይርጋ ተከራካሪው ራሱ የሚያነሳው መከላከያ መሆኑ ነው፤ በኪሳራ ሥርዓት ደግሞ ባለአደራው ይመረምረዋል ብሏል። በአመክንዮ ደረጃ አቋሙ የማይናቅ ነው። ያልተማረ፣ በሌላ ቋንቋ የሚኖር፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ግን መከላከያው የእሱ መሆኑን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከተፈረደበት በኋላ ነው። ዳኛ ሶቶማዮር በጻፉት የልዩነት ሐሳብ ያሰሙትን ስጋት የምጋራው ለዚህ ነው።

ዊስኮንሲንና ሚሲሲፒ ሌላ መንገድ መርጠዋል፤ በእነዚህ ግዛቶች የይርጋው ዘመን ሲያልፍ የሚጠፋው የመክሰስ መብቱ ብቻ ሳይሆን ዕዳው ራሱ ነው። ዕዳው ከጠፋ የሚጠየቅ ነገር ስለማይኖር በስልክ መናገርም በችሎት መቅረትም ይህን ያህል አያስከፍልም። ከሁለቱ ሥርዓት ይህኛው ለተራ ሰው ይሻላል ባይ ነኝ። ይህ እስኪስፋፋ ድረስ ቅርብ የሆነ ሥራ አለ። ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶችን በአማርኛም ያዘጋጃሉ። በግል ሰብሳቢዎች ላይ ግን ይህ ግዴታ የለም፤ የፌዴራሉ ናሙና ማስታወቂያም ከእንግሊዝኛ ሌላ የሚጠቅሰው ስፓኒሽን ብቻ ነው። የዚያን ወረቀት ግርጌ፣ ሣጥኖቹንና የ30 ቀኑን ገደብ በአማርኛ ጽፎ በየዕድሩና በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መለጠፍ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።