የዕብራይስጥ ኅትመትና የቅዱሳት መካናት ተሳላሚዎች

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ወደማያውቀው አገር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ነው። የሚያውቅ ሰው ባይገኝ፤ ያየውን ጽፎ የተወ መንገደኛ ምን ያህል ባለውለታ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ12ኛው መቶ ዓመት፤ በሰሜን እስፓኝ ከምትገኘው ከቱዴላ የተነሣ ብንያም የሚባል አይሁዳዊ ሮማን፥ ቍስጥንጥንያንና ኢየሩሳሌምን ተመልክቶ በ1173 ወደ እስፓኝ ተመለሰ። በየከተማው ስንት አይሁድ እንደሚኖሩ፥ የአባቶችም መቃብር ወዴት እንደ ሆነ ጻፈ። ስለ ኬብሮን ሲናገር፤ ለተሳላሚ ሁሉ ከላይ የሚታዩት ስድስቱ መቃብሮች እውነተኞቹ እንዳይደሉ፤ እውነተኞቹ ከታች በዋሻው ውስጥ እንዳሉ፤ ለጠባቂው የተለየ ገንዘብ ለሚሰጥ አይሁዳዊም የብረቱ በር እንደሚከፈትለት ይገልጻል። በብዙ ድካም ለደረሰ ተሳላሚ እንዲህ ያለው ቃል ከስንቅ የማያንስ ነበረ።

ነገር ግን ይህ ጽሑፍ 370 ዓመት ያህል በእጅ ብቻ ሲገለበጥ ኖረ። በእጅ የሚገለበጥ መጽሐፍ ባለቤቱ ጥቂት ነው፤ እሳትና ዝርፊያም በቀላሉ ያጠፉታል።

በዚህ መካከል በኢጣልያ የዕብራይስጥ ኅትመት ተጀመረ። የታተመበት ዘመን ተጽፎባቸው ከሚታወቁት የዕብራይስጥ መጻሕፍት የመጀመሪያው፤ በ1475 በሬጆ ካላብሪያ የታተመው የራሺ የኦሪት ትርጓሜ ነው። በ1488 ሙሉው ብሉይ ኪዳን በሶንቺኖ ታተመ። በ1543 የብንያም የጉዞ መጽሐፍ በቍስጥንጥንያ፤ በ1561 ደግሞ የጻድቃንን መቃብር የሚዘረዝር መሪ መጽሐፍ በማንቱዋ ወጣ። በ1577 ማተሚያው ራሱ እንደ ተሳላሚ ወደ ቅድስት አገር ደርሶ በሳፌድ ከተማ መጽሐፍ አተመ።

የዚህ ሥራ ጥቅም በመከራ ጊዜ ተፈትኗል። በ1553 በሮማና በቬኒስ የታልሙድ መጻሕፍት በአደባባይ ተቃጠሉ። ነገር ግን ታልሙድ ከ1520 እስከ 1523 በቬኒስ በሙሉ ታትሞ በብዙ አገር ተሰራጭቶ ስለ ነበረ፤ እሳቱ ወረቀቱን እንጂ መጽሐፉን ሊያጠፋው አልቻለም።

የእኛም ቋንቋ ከዚህ ታሪክ የራቀ አይደለም። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ በሮማ ካገኛቸው ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝን ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፤ በ1518ም በኮሎኝ ከተማ ይኸው መዝሙር በዕብራይስጥ፥ በግሪክ፥ በላቲንና በግዕዝ በአንድ መጽሐፍ ጎን ለጎን ታትሞ ወጣ።

አንባቢ ሆይ፤ መዝገብን ከነግልባጩ ማኖር ለጽሕፈት ቤት ሥርዓት ብቻ የሚደረግ አይምሰልዎ። የብንያም መንገድ እስከ እኛ የደረሰው ግልባጩ ስለ በዛ ነው። በአንድ ሣጥን ብቻ የተቀመጠ ቃል የሚኖረው ሣጥኑ እስካለ ድረስ ነው።